ለእናቴ ክንድ የተለካ ደጋን

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም ወደ አቃቂ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ጋራዦች ያየ ሰው፣ ቅባት በጠገበ መሬት ላይ የተከመሩትን ጎባጣ የብረት ቅጠሎች ሳያይ አያልፍም። ባሌስትራ እንላቸዋለን። ከጭነት መኪና ሆድ ስር ተፈትተው የወጡ፣ አንዳንዶቹ ተጠግነው የሚመለሱ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ቀጥቃጭ ሄደው ቢላዋና መጥረቢያ የሚሆኑ ናቸው። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያን ነው። በጣሊያንኛ ግን «ባሌስትራ» ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው ይኸው የመኪናው ባሌስትራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በእንጨት ግንድ ላይ አግድም ተጋድሞ ፍላጻ የሚወረውር የድሮ ዘመን የጦር ቀስት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከጅቡቲ ጭነት ይዞ የሚገባው ከባድ መኪና ሁሉ በቀስት ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባሌስትራን ልብ ብሎ ላየው ሌላም ትምህርት አለው። ቅጠሎቹ እኩል አይደሉም። ረጅሙ ከአንዱ ጠርዝ ይሆንና ከእሱ ያጠረው ይደገፈዋል፤ ከዚያም ይበልጥ ያጠረው ይከተላል። ስለዚህ ጥቅሉ መሃሉ ላይ ወፍራም፣ ጫፎቹ ላይ ስስ ነው። ሸክም ሲያርፍበት ከጫፉ ይልቅ መሃሉ ይጨነቃል፤ ብዙ ለሚጨነቀው ብዙ ብረት ተሰጠው፣ ጥቂት ለሚጨነቀው ጥቂት። ሁሉም እንደ ድርሻው ይጎብጣል፤ አንዱ ብቻውን መከራ አያይም። የእንጨት ደጋን የሚሠሩ ሰዎች በሺህ ዓመታት ውስጥ በእጃቸው የደረሱበት ጥበብም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እኔ በአንድ ትምህርት ቤት የቴክኒክ ንድፍ የማስተምር ሰው ነኝ። ለተማሪዎቼ «ንድፍ» ስል በወረቀት ላይ የተሰመረውን ማለቴ ነው። ቃሉ ግን ወረቀትን ሳያውቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። በግዕዝ «ነደፈ» በፍላጻ ወጋ ማለት ነው። በአማርኛ ንብ ትነድፋለች፣ ጊንጥ ይነድፋል፤ ጥጥም ይነደፋል። ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያ ደግሞ ደጋን ነው፤ ጎበጥ ያለ እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት የተወጠረበት። አዝማሪው የመሰንቆውን የፈረስ ጭራ የሚዳስስበትም ጎባጣ እንጨት ደጋን ይባላል። ወታደር አፈሙዙን ሲያነጣጥር «ደገነ» እንላለን። እንግዲህ ቀስት ከደጋው አገራችን ጦር ሜዳ ከጠፋ ቆይቷል እንጂ ከቤታችንና ከአፋችን አልጠፋም። መሣሪያው ትጥቁን ፈትቶ ጓዳ ገባ፤ ፍላጻውን ጥሎ ጥጥ አነሣ።

ይህን ሁሉ የማወጋችሁ ያለ ነገር አይደለም። እናቴ ደጋን አስፈልጓት ነበር።

እናቴ ዘንድሮ 73 ዓመቷ ነው። ከዕድሜዋ 28ቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ነው። ቆማ ስል የምሬን ነው፤ የመፍተያ ማሽን ሠራተኛ አትቀመጥም። የተበጠሰውን ክር እየቀጠለች፣ የሞላውን እያወጣች፣ ባዶውን እየተካች ከወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች። አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሰፈር ናት፤ ከአብዮቱ በፊት ፋብሪካ የተተከለባት፣ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ሲወረሱም ያየች፣ የፈረቃ ሠራተኛን እግር ኮቴ እንደ ደወል የለመደች ሰፈር። እኔም ልጅ ሳለሁ ሰዓት የማውቀው በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን በእናቴ ፈረቃ ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ግን ያርፋል ብለን የጠበቅነው እጇ አላረፈም። ከእናቷ የተማረችውን፣ ማሽኑ ለ28 ዓመት ያስረሳት የመሰለንን ሥራ አወጣችው፤ ደጋንና እንዝርት። ፍሬው የወጣለት ጥጥ ከመርካቶ ይመጣላታል። በደጋን ትነድፈዋለች፣ በአመልማሎ ትጠቀልለዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ፈትሉንም ለሸማኔ ትሸጣለች። የምታገኘው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የጡረታው ብር ከወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ሲያልቅ ግን ያደርሳታል። ሌላም ነገር አለው። ዛሬ የሚሠራ ጋቢ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። የፋብሪካው ክር ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ የእጅ ፈትሉ በመወርወሪያ ተጭኖ በመካከሉ ይመላለሳል። እናቴ ጋቢ በዳሰሰች ቁጥር ሁለቱ ዕድሜዋ ተሸምነው እጇ ላይ ይገኛሉ። ይህን እሷ ነግራኝ አታውቅም፤ እጇን አይቼ ነው የማውቀው።

አሮጌው ደጋኗ የተሰበረው በነቀዝ ነው። የቀርከሃ ስንጥር ነበር፤ ከእናቷ የደረሳት። በቀድሞው ቤታችን ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ ስር፣ ከምድጃው በላይ ይሰቀል ነበር፤ ለዓመታት ጭስ ጠጥቶ ጠቁሮ ነበር። ጭስ የጠጣ ቀርከሃን ነቀዝ አይደፍረውም። በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ስንገባ ምድጃው በኤሌክትሪክ ተተካ፤ ጭሱም ቀረ፤ ደጋኑም ከበሩ ጀርባ ነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነቀዝ በቀርከሃ ውስጥ ያለውን ስታርች ይወዳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከስሩ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይራገፍ ጀመር፤ አንድ ቀን እናቴ ጅማቱን ስትወጥረው ከመሃሉ ቀጨም አለ።

ከገበያ ሌላ ተገዛላት። ወፍራም፣ ብርቱ፣ ቢመቱት የማይሰበር ደጋን ነበር። ችግሩም ይኸው ነው። የግራ እጇ አንጓ ከፋብሪካው ጊዜ ጀምሮ ያማታል፤ ደጋኑን በግራ እጅ አንሥቶ መያዝ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ ጅማቱን ጥጡ ውስጥ አስገብቶ ማስጮህ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲሆን ክብደቱ እየጨመረ የሚሄድ ነገር ነው። ጅማቱን ለመወጠርማ ጎረቤት መጥራት ነበረባት። ከሳምንት በኋላ ጥጡ በከረጢት እንደታሰረ ጥግ ላይ አየሁት። ስጠይቃት፣ «እጄ ነው የከዳኝ ልጄ፤ ደጋኑማ ደህና ነው» አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ውስጤ ቀረ። ደህና ደጋን ምን ዓይነት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት የደረሰን አንድ መልስ አለ፤ መልሱም በስማችን የተጻፈ ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ታሪክ ውስጥ፣ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ወደ ኢትዮጵያ ሰላዮች እንደላከ ይተርካል። ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ ሲል ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኩሽ ምድር ነው፤ ግብፆቹ ራሳቸው ከአስዋን በላይ ያለውን አገር «ታ ሴቲ» ይሉት ነበር፤ የቀስት ምድር ማለት ነው። ንጉሡ ሰላዮቹን አወቃቸው። አንድ ትልቅ ደጋን አንሥቶ ሰጣቸውና፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ደጋን እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይዝመቱብን፤ እስከዚያው ግን የሰው አገር መመኘትን በልባችን ስላላኖሩ አማልክትን ያመስግኑ የሚል መልእክት ላከ። ደጋኑ ካምቢሰስ ዘንድ ደረሰ። ከፋርሶች ሁሉ ሁለት ጣት ያህል እንኳ ሊስበው የቻለው የንጉሡ ወንድም ብቻ ሆነ፤ ካምቢሰስም ቀንቶ ወደ አገሩ መለሰው፤ በኋላም አስገደለው ይላል። በሌላ ቦታ ደግሞ ያው ጸሐፊ የኢትዮጵያውያኑ ደጋን ከዘንባባ የተሠራ፣ ቁመቱም ከ4 ክንድ የማያንስ መሆኑን ይነግረናል፤ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ስናወራ ደረታችን ይነፋል፤ እኔም ብሆን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ከፍ ይላል። በታሪኩ ውስጥ ግን ደህና ደጋን ማለት ሌላ ሰው የማይስበው ደጋን ነው። እንግሊዞችም በዘመናቸው እንዲሁ ነበሩ። በ1545 እ.ኤ.አ. የሰጠመችው የጦር መርከባቸው ሜሪ ሮዝ በ1982 ከባሕር ስትወጣ ከውስጧ ከ130 በላይ ሙሉ ደጋኖች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ 2 ሜትር ገደማ ናቸው፤ አንዱን እስከ መጨረሻ ለመሳብም ከ45 ኪሎ በላይ የማንሣት ያህል ጉልበት ይጠይቅ እንደነበር ተገምቷል። አብረው ከተገኙት አጽሞች መካከል ከልጅነት ጀምሮ ደጋን በመሳብ የመጣ የሚመስል የትከሻ አጥንት ለውጥ ያለባቸው አሉ። ደጋኑ ለሰው አልተለካም፤ ሰው ለደጋኑ ተለካ።

የእናቴም የግራ እጅ አንጓ በማሽን የተለካ ነው። አሁን ለ73 ዓመት ክንድ ሌላ ማሽን ልሰጣት አልፈለግሁም። የፈለግሁት የካምቢሰስን ደጋን ተቃራኒ ነበር።

እንጨት ፍለጋ የጀመርኩት ቃሊቲ ካሉ አናጺዎች ዘንድ ነው። አንድ ሽማግሌ አናጺ ጉዳዬን ከሰሙ በኋላ ስቀው ሲያበቁ እያንዳንዱን እንጨት እያነሡ ጠባዩን እንደ ዘመድ ነገሩኝ። ወይራ ከባድና ጽኑ ነው፤ ለመጥረቢያ እጀታና ለሽማግሌ ከዘራ ይመረጣል። ጎብጦ ይመለሳል፤ ግን ይከብዳል። ክትክታም እንዲሁ ጠንካራ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል። ዋንዛ ለስላሳና ቀላል ነው፤ ለበርና ለጠረጴዛ ያማረ፣ ለመጉበጥ ግን ያልተፈጠረ። ጽድ ለመሰንጠቅ ይመቻል፣ ሽታውም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሲያስጎነብሱት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። የምኒልክ ዘመን እንግዳ የነበረው ባህር ዛፍስ? «እሱ ቤት ይሠራል፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል» አሉኝ። በአፍሪካ ቆላዎች ለአደን ደጋን ከሚመረጡት እንጨቶች መካከል የለንቋጣ ዘመዶች እንዳሉበት አንብቤ ስለነበር ለንቋጣንም ጠየቅሁ። «ልጡ ገመድ ይሆናል፤ እንጨቱን ግን እዚህ ከየት ታመጣዋለህ?» ብለው መለሱኝ።

ከዚህ ሁሉ ጨዋታ ያተረፍኩት አንድ ሕግ ነው። ማንኛውም እንጨት ደጋን ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ልኩ ግን እንደ ጠባዩ ይለያያል። ከባድና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ጠባብ ክንድ ይበቃዋል፤ ቀላል እንጨት ያው ጭንቀት በሰፊ ክንድ ላይ እንዲከፋፈልለት ይፈልጋል። የደጋኑን ሁለት ጎኖች «ክንድ» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ቃሉ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ ይይዝልኛል።

አሁን ደግሞ የእንጨቱን ውስጥ እንይ። ደጋን ሲጎብጥ ውጭ ያለው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ጅማቱ ያለው ሆዱ ይጨመቃል። ጀርባው ላይ ያለው ክር መሰል የእንጨት ጅማት በቢላ ከተቆረጠ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል፤ ሆዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ይሰባበርና ደጋኑ ጎብጦ ይቀራል። የሜሪ ሮዝ ደጋኖች የተሠሩበት «ዪው» የተባለው የአውሮፓ ዛፍ የተወደደው ሁለቱን በአንድ ግንድ ይዞ ስለሚገኝ ነው፤ ከልጡ ስር ያለው ነጩ እንጨት መለጠጥን ይችላል፣ የውስጡ ቀይ እንጨት መጨመቅን ይችላል። እኛ ያን ዛፍ የለንም። ቀርከሃ ግን አለን።

ስለ ቀርከሃ ያስተማሩኝ ፈትሏን የሚገዙት ሸማኔ ናቸው። ከጨንቻ ደጋ የመጡ ዶርዜ ናቸው፤ እዚያ አገር የቀርከሃና የጥጥ ዕውቀት በአንድ ቤት ያድራል። የዶርዜ ቤት ከነጣሪያው ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ምስጥ ከስሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቀን አይወድቅም። «መምህር» አሉኝ፣ «የቀርከሃ ጉልበቱ ቆዳው ላይ ነው። ጀርባውን እንዳይነኩት። ሲያሳንሱ ከሆዱ ያሳንሱ።» በእርግጥም ቀርከሃን በአግድም ቆርጦ ያየ ሰው ጥቃቅን ነጥቦቹ ወደ ቆዳው ሲጠጉ እንደ ገበያ ሰው ሲጨናነቁ፣ ወደ ውስጥ ሲሆኑ ሲሳሱ ያያል። እነዚያ ነጥቦች መለጠጥን የሚችሉት ጭረቶች ናቸው። ተፈጥሮ ደጋን ሠርታ ጨርሳ ቆሞ እንዲያድግ የተወችው ይመስላል።

ከቆላው ሽመል ይልቅ የደጋውን ቀርከሃ መረጥን። ሽመል ውስጡ ድፍን ነው፤ ለዱላ የሚወደደውም ለዚሁ ነው። የደጋው ቀርከሃ ግን ክፍት ስለሆነ ሰንጥቆ ሰፊና ስስ ዝርግ ማውጣት ይቻላል። 3 ዓመት ያለፈው፣ አረንጓዴው ደብዝዞ ቢጫ የሚያደላ፣ በበጋ የተቆረጠ መሆን ነበረበት፤ በበጋ የተቆረጠ ቀርከሃ ለነቀዝ ምግብ የሚሆነው ነገር ያንስበታል። ከተሰነጠቀ በኋላም 2 ወር በጥላ ደረቀ። እርጥብ እንጨት እሺ ባይ ነው፤ ያጎበጡትን ያህል ጎብጦ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ደጋን ደግሞ ሥራው መጉበጥ አይደለም፤ ለመመለስ መታገል ነው። ጅማቱን የሚያስጮኸው ያ ትግል ነው።

ቀጥሎ ልክ መጣ። የአሮጌውን ደጋን ስብርባሪ ገጣጥሜ በካሊፐር ለካሁት። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ መሃሉ ላይ 24 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር። አያቴ ይህን ልክ ያገኘችው ያለ ካሊፐር ነው። እናቴም በጉልምስና ዘመኗ ለዚህ ደጋን የሚበቃ ክንድ ነበራት። አሁን ግን ከእሱ የለዘበ ያስፈልጋት ነበር፤ ምን ያህል የለዘበ?

እዚህ ላይ አንባቢን ጥቂት በቁጥር ላስቸግር። የአንድን ዝርግ እንጨት ወርድ እጥፍ ብናደርገው አልጎብጥም ባይነቱ እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ብናደርገው ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ከውፍረቱ አንድ አስረኛ ቢነሣ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ደጋን ሠሪ ወርድን በአውራ ጣት፣ ውፍረትን ግን በጥፍር የሚለካው። 8 ሚሊ ሜትሩ ወደ 6 ቢወርድ የሚቀረው ጉልበት ከ100 እጅ 42 ብቻ ነው። ያንኑ ለውጥ ወርድን ብቻ በመቀነስ ላምጣው ቢባል 24ቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ነበረበት፤ እንዲህ የጠበበ ክንድ ደግሞ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። በተጨማሪም ስስ ነገር ያለ ጉዳት ይጎብጣል፤ ደብተር ይጠቀለላል፣ መዝገበ ቃላት አይጠቀለልም። ስለዚህ ወርዱን መሃሉ ላይ እንዳለ ትቼ ወደ ጫፎቹ እስከ 12 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት፤ ጫፍ ላይ ያለ ክብደት ለያዘው እጅ ከመሃሉ ክብደት ይልቅ ይሰማልና። ውፍረቱን ግን ከሆዱ በኩል፣ በሞረድና በስባሪ ጠርሙስ፣ ቀስ እያልኩ ማሳነስ ጀመርኩ።

ደጋን የሚሠራ ሰው ትልቁ ሥራ መጥረብ ሳይሆን ማየት ነው። ጥቂት ይፋቅና ጅማት ይታሰርበታል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ራቅ ብሎ ጉብጠቱ ይታያል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ጎበጡ? አንዱ ቦታ እንደ ማጠፊያ ታጠፈ? እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር ከእንጨት ያለፈ መሰለኝ። አንድ ቦታ አብዝቶ ሲታጠፍ ሲያዩ እጅ የሚቸኩለው ወደዚያው ቦታ ነው። ጥፋቱ ግን ከእሱ አይደለም። ጥፋቱ አልጎብጥም ያለው ጎረቤቱ ነው። ግትሩ ቦታ የራሱን ድርሻ ለደካማው አሸክሞት ነው። ስለዚህ የሚፋቀው የታጠፈው ሳይሆን የደረቀው ነው፤ ድርሻውን እስኪወስድ ድረስ። ደካማውን መንካት መስበር ነው። የቀርከሃው አንጓዎች በተለይ ግትሮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትዕግሥት አስፈለጋቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቴ ተረዳሁት።

7 ሚሊ ሜትር ላይ ስደርስ ለእናቴ ወሰድኩላት። ወጠረችው፤ ያለ ጎረቤት። ጅማቱን በጣቷ ነካችና አዳመጠች። እኔ እጇን አያለሁ፣ እሷ ድምፁን ትሰማለች። «ቀርቷል» አለች። መለስኩት፤ ፋቅሁት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሰጠኋት። ጥቂት ጥጥ አንሥታ ጅማቱን ከውስጡ አስገብታ መታችው። ጥጡ እንደ ደነገጠ ወፍ ብትን አለ፤ ከዚያም እንደ ጉም ተንሳፎ አረፈ። ደገመችው። ድምፁ ከአሮጌው ደጋን ድምፅ ወፈር፣ ዝግ ያለ ነው።

«በቃ። ከዚህ በኋላ እንዳትነካው» አለችኝ።

ለካሁት፤ 6 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር። ከአሮጌው ደጋን ጉልበት ከግማሽ በጥቂቱ ፈቀቅ ያለ። በወረቀት ላይ ያወጣሁት ልክ 6 ይላል። ለምን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዳስቀረች ጠየቅኋት።

«ከዚህ ከላላ ጥጡ ይተኛል» አለች። «ለእጄ ብለህ ጥጡን አታስተኛው። እጄን አስበህ፣ ጥጡንም አስብ።»

ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ከእርሳስ መስመር አይሰፋም። በዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ግን የእናቴ ክብር ነበረ። እንድትታዘንላት አልፈለገችም፤ እንድትሠራ ፈለገች። ክንዷን የሚያሳርፍ ደጋን አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችው ክንዷ የሚችለውን ሁሉ የሚቀበል፣ የማይችለውን የማይጠይቅ ደጋን ነው። የኩሹ ንጉሥ ለካምቢሰስ የላከው ደጋን ብርቱ ነበር፤ ብርታቱም በሌላው ድካም ይለካ ነበር። ይህኛው ግን ብርታቱ የሚለካው ምን ያህል በመለሰው ነው። አሁን ደህና ደጋን ምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ የሰጡትን ጉልበት ሳያባክን ለሥራው የሚያደርስ ነው እላለሁ። በአንዱ ክንድ ዘንድ ያ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሌላው 6 ነጥብ 5። እንጨቱ መልስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄው ክንዱ ነው።

ሸማኔው በወሩ መጨረሻ መጥተው ፈትሉን በጣታቸው አሻሽተው ሲያዩ ምንም አልተናገሩም፤ ቆጥረው ከፈሉ። እናቴ እንደነገረችኝ ሸማኔ ዝም ብሎ ከከፈለ ፈትሉ ደህና ነው ማለት ነው። ከተጣመመ ነው የሚናገረው።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደጋን ሠርቶ የሚሰጥ ሰው ይህን ሳይናገር መሄድ የለበትምና። ደጋን ተወጥሮ ማደር የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ ጅማቱ እንደከረረ ካደረ እንጨቱ ጉብጠቱን ይለምደዋል፤ ትግሉን ይተዋል። ስለዚህ እናቴ ሥራዋን ስትጨርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማታው ዜና በፊት፣ የጅማቱን ቋጠሮ ከአንዱ ጫፍ ታወጣዋለች። ለ28 ዓመት በሦስት ፈረቃ ስትመላለስ የእሷን ጅማት ያላላ ሰው ኖሮ ይሆን ብዬ አንዳንድ ማታ አስባለሁ፤ አልጠይቃትም። ቋጠሮው ሲወጣ ደጋኑ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ፈጽሞ ግን አይቀናም፤ ከጥቂት ወር ወዲህ አንድ ሁለት ጣት ያህል ጉብጠት ይዞ ቀርቷል። ሸማኔው እንዳሉኝ ይህ ነውር አይደለም። ያገለገለ እንጨት ሁሉ እንዲህ ነው።